በሁዳዴ የገደፈችው ድመት

«አንቺን ማብላት አቅቶን ደግሞ ለአምስት የምትበላ ድመት ይዘሽብን መጣሽ?»

አክስቴ ናት። ፊት ለፊቴ ቆማለች፤ እንዝርቷን እንደ ጦር ሰብቃለች። ድመቷ በነጠላዬ ተጠቅልላ እቅፌ ውስጥ ናት፤ ጭንቅላቷን ብቻ ብቅ አድርጋ አክስቴን ትመለከታታለች። ያን ዕለት የመለስኩት ጨዋ ልጅ የምትመልሰውን አልነበረም።

«አምስት መሆኑን በምን አወቅሽ?» አልኳት።

«ዓይን የለኝም? ሆዷ ተነፍቶ ምድር ሊነካ ነው። አውርጃት ብያለሁ!»

አላወረድኳትም።

ጠላት ደብረ ማርቆስ ከገባ ሁለተኛው ሁዳዴ መያዙ ነበር። እኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። አዲስ አበባ በሴቶች ትምህርት ቤት ስማር ጦርነቱ መጣ፤ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፤ አባቴ ከነጋዴዎች ጋር ዓባይን አሻግሮ፣ በደጀን አውጥቶ፣ ከእኅቱ ቤት ጣለኝ። ጣለኝ የምለው አውቄ ነው። እዚያ ቤት ስገባ ፈረንሳይኛ አነባለሁ፣ የዓለምን ካርታ ሳላይ እስላለሁ። ጥጥ መባዘት ግን አልችልም፤ ወፍጮ ላይ ስንበረከክም ከእህሉ በፊት የሚፈጨው እጄ ነው። አክስቴ በመጀመሪያው ሳምንት ተስፋ ቆርጣብኛለች። እኔም አጥር ውስጥ መዋል እስር ቤት ሆኖብኝ፣ ሰበብ ባገኘሁ ቁጥር ከደጅ ነኝ።

ድመቷን ያገኘኋት እንዲሁ ደጅ ደጁን ስል ነው። የጎረቤት ድመት ነበረች። በጥር ወር አንድ ቀን ጎረቤታችን ከብቶቹን እየነዳ፣ ሚስቱና ልጆቹ ዕቃ ተሸክመው እየተከተሉት ወጡ፤ በዚያው ቀሩ። እሱ ዱር ገባ አሉ። እነሱ ሉማሜ ዘመድ ቤት ናቸው አሉ። ድመቷን ማንም አላሰባትም። እሷ ግን በየጠዋቱ መጥታ ከተዘጋው በር ፊት ትቀመጣለች። አትጮህም። ዓይኔን የያዘው ይህ ነው። እኔ ብሆን ስጮህ ውዬ ስጮህ አድር ነበር። ዳልቻ ናት፤ አንድ ጆሮዋ የተቀደደ። ፀሐይ ሲበረታ ተነሥታ ትሄዳለች፤ በማግሥቱ ደግሞ ያው ቦታ ላይ ናት። ከሆዷ በቀር ሁለመናዋ አጥንት እየሆነ ሲመጣ አላስችል አለኝና በነጠላዬ ጠቅልዬ አመጣኋት።

የአክስቴ ባል ያን ሁሉ ጭቅጭቅ የሰሙት ከደጃፉ ቁጭ ብለው ነው። ብራና ፋቂና ቁም ጸሐፊ ነበሩ፤ ሰው ሁሉ የኔታ ይላቸዋል፣ እኔም እንዲሁ። ቀና እንኳ ሳይሉ፦

«ድመት ናት ወይስ ሌላ እንግዳ?» አሉ።

«ድመት ናት፣ የኔታ።»

«አይጥ ትይዛለች?»

«አላውቅም።»

«እንግዲያው ጠይቂያት እንጂ እኛን ምን ትጨቀጭቂናለሽ!»

አክስቴ እንዝርቷን አወረደች። ድመቷ ገባች። ስለ መብሏ ግን ማንም ምንም አላለም።

የኛ መብል በዚያ ሁዳዴ የዳጉሳ ቂጣ በጓያ ሽሮ ነው፤ እሱም ሲገኝ። የቀረችዋን ጤፍ አክስቴ ለፋሲካ ብላ ጎታ ውስጥ ከታ አፉን በጭቃ መርጋዋለች። ከቂጣዬ እየቆረስኩ ሰጠኋት፤ በላች። ነገር ግን ሆዷ ውስጥ ያሉት እሷን ነበር የሚበሉት፤ አከርካሪዋ በጣት የሚቆጠር ሆነ። ወተት ያስፈልጋት ነበር። ወተት በሁዳዴ! ላም ያላቸው ሴቶች ወተታቸውን እየናጡ ቅቤውን ለፋሲካ ያጠራቅማሉ። አንዷን ጠየቅኳት። «ለየኔታ ቤት ወተት? በጾም?» ብላ አማተበች፤ እኔም ነገሩን ሳልጨርስ ተመለስኩ። ወተት የነካው ዕቃ ወደዚያ ቤት አይገባም ነበር።

ያ ቤት ከሌላው ቤት የባሰ ጥብቅ የሆነበት ምክንያት ነበረው። ከከተማው በስተ ምሥራቅ፣ በዲማ መንገድ በኩል የግማሽ ቀን ጉዞ ላይ አንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን ነበረች። ጠላት አገሩን ሲያቃጥል አብራ ነደደች። ካህናቱ ታቦቱን ይዘው ሸሹ፤ በየወሩ በበዓሉ ቀን ለሕዝቡ የሚነበበው መጽሐፍ ግን አልወጣም። ሕዝቡ የሣር ጎጆ ሠርቶ ታቦቱን አስገባ፤ በዓሉ ሲደርስ ግን የሚነበብ የለም። ስለዚህ ቅበላ ላይ ፍየል ያረደ ቤት ሁሉ ቆዳውን አዋጣና፣ የቤተ ክርስቲያኗ ገበዝ በአህያ ጭነው ለየኔታ አመጡ። የሰኔው ክብረ በዓል ሳይደርስ መጽሐፉ እንዲያልቅ ተስማሙ።

የኔታ አንድ ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖታል፤ ሁለተኛውንም ጀምሮታል። «ይህን ካልጨረስኩ ሌላ አልጨርስም» ይሉ ነበር፤ እንደ ሐዘን ሳይሆን እንደ ሥራ ነገር። ሲጽፉ በጾም ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ አይቀምሱም። እንዲህ ካለ እጅ ያልወጣ መጽሐፍ ታቦት ፊት አይቀርብም፤ ሰውም አይሳለመውም።

እና ያን ጊዜ የፍየል ቆዳ ሞልቶን ነበር ማለት ነው። አንድ ቆዳ ሦስት ቀን በጋን ተዘፍዝፎ ይወጣል። ዙሪያውን በወስፌ ተበስቶ በአራት እንጨት መካከል በገመድ ይወጠራል። የኔታ ቆመው፣ እንደ ከበሮ እየመቱ ውጥረቱን ካዳመጡ በኋላ፣ መፋቂያውን ብረት ከላይ ወደ ታች ይስቡታል። ከሥጋው በኩል የቀረው ስስ ልፋጭ እየተጠቀለለ ይወርዳል። ዓይናቸው ሳያይ እጃቸው ያያል፤ ትንሽ ቢበዛ ቆዳው ይቀደዳል፣ ትንሽ ቢያንስ ቀለም አይይዝም። እንደዚያ ሲሠሩ ቆሜ ሳይ ያደርኩበትን ንዴት ሁሉ እረሳው ነበር። የእኔ ድርሻ ልፋጩን ሰብስቦ ጉድጓድ መቅበር ነው፤ ሌላውን ሥራ ስለማበላሽ ይህን ብቻ አመኑኝ።

አንድ ቀን አልቀበርኩትም። ለድመቷ ሰጠኋት።

እንዴት እንደበላችው አትጠይቁኝ። ከዚያም ሁሉንም መልሳ አስታወከችው፤ ቆዳው ከቅበላ ጀምሮ የሰነበተ፣ ውኃው ውስጥ የሸተተ ነውና። ቢቀቀል ደኅና ይሆን ነበር። አክስቴ ዘንድ ሄድኩ።

«ድስት አውሺኝ።»

«ለምን?»

«ልፋጭ ልቀቅልበት።»

ወንፊቷን አስቀመጠች። «በእኔ ድስት? በሁዳዴ? በእኔ ምድጃ ሥጋ?»

«ሥጋ አይደለም፤ ልፋጭ ነው።»

«ልፋጭ የማን ነው? የጎመን ነው?»

«ታዲያ በምን ልቀቅለው፣ እቴቴ?»

«በራስሽ ቅል ቀቅይው!»

የራሴን ቅል ተውኩትና ከጓሮ የተሰበረ የእንስራ ቂጥ አገኘሁ፤ ሁለት እፍኝ የሚይዝ ገል። ከጌሾው ሥር ሦስት ድንጋይ ጎለትኩ፤ ጭራሮ ለቀምኩ። ልፋጩን በውኃ አጥቤ በገሉ ጣድኩት። ለአንድ ሰዓት ያህል ሲንተከተክ ወፍራም ሙጫ መሰለ። ሽታው ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ እኔንም ምራቄን አስዋጠኝ። ሥጋ ከቀመስኩ ሁለት ሳምንት አልፎኛል።

ድመቷ ሲበርድ በላችው፤ ረጋ ብላ፣ ዙሪያውን እየዞረች። አንዳችም አላስታወከችም። ከዚያ ወዲያ የኔታ ቆዳ በፋቁ ቁጥር ገሌ ይጣዳል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ፀጉሯ ተኛ፤ ዓይኗም ጠራ። አንድም ነገር ከኛ ማዕድ ሳልወስድ፣ ሊቀበር ከነበረ ነገር! ራሴን እንዴት እንዳደነቅኩ።

እሷን ግን ከራሴ ይልቅ አደንቃት ነበር። በላሁ ብላ አልተኛችም። የብራና ጠላቱ አይጥ ነው፤ የተጻፈበትን ቅጠል ጠርዝ ጠርዙን ይቆርጠዋል። ያቺ ድመት ሆዷ መሬት እየጠረገ፣ የኔታ ጥራዞቹን ከሚያስቀምጡበት መደብ ሥር ውላ ታድር ጀመር። አንድ ቀን ጠዋት የገደለችውን አይጥ አምጥታ፣ ከብዕራቸው አጠገብ፣ ከመጻፊያ ሰሌዳው ላይ አኖረችው። እኔ የሚቆጡ መስሎኝ ልሮጥ ስል፣ የኔታ ጎንበስ ብለው በደኅናው ዓይናቸው መረመሩት።

«ይቺ ሴትዮ የበላችውን ትሠራለች» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዘወር ብለው፦ «አንቺስ?»

አክስቴ ሳቀች። ከመጣሁ ወዲህ ስትስቅ ስሰማት ያ ሁለተኛው ይሆናል።

ጥፋቱ የመጣው ከእኔ አፍ ነው። አንድ ቀን ከጓሮ እያማሰልኩ ሳለሁ ከወዲያ ማዶ ያለችው ሴትዮ እሳት ልትጭር መጣች፤ ገሏን ይዛ፣ ፍም ለመውሰድ። አክስቴ ውኃ ወርዳለች። ሴትዮዋ ከአጥሩ ዘንድ ቆም አለችና አፍንጫዋን አነሣች።

«ምን ይሸተኛል?»

ልፋጭ ነው፣ ለድመት ነው፣ ብል በዚያው ያልቅ ነበር። ነገር ግን አነሣሷ፣ ያ አፍንጫ፣ ደሜን አፈላው።

«የራስሽ አፍንጫ ነዋ!» አልኳት።

ፍሟን ሳትወስድ ሄደች።

እሑድ አክስቴ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ነጠላዋን አላወለቀችም። መደብ ላይ ተቀመጠች። ሴቶቹ ስትጠጋቸው ወሬ ማቋረጣቸውን፣ አንዷም ጠጋ ብላ «እውነት ነው እንዴ?» ማለቷን ነገረችን።

«ምኑ?» አልኩ።

«ገደፉ ተብለናል። የየኔታ ቤት በሁዳዴ ሥጋ ቀቅሎ በላ ተብለናል።»

ይህ ዛሬ ለሚሰማው ቀላል ሊመስል ይችላል። ያን ጊዜ በጾም የሚበላው ከጠላት ጋር ያደረ ነው፤ ከጦር ሠፈሩ ማዕድ የሚቀርብ፣ ጠላት ይዞት ከመጣው ጥቁር ወታደር ከአስካሪው ጋር ሥጋ የሚቆርጥ። ገደፉ ማለት ከዱ ማለት ነበር። ደግሞም ያ ወሬ በዲማ መንገድ ግማሽ ቀን ከተጓዘ መጽሐፉን ይበላዋል።

«አሁኑኑ ቤት ለቤት ዞሬ እናገራለሁ» ብዬ ተነሣሁ።

«ተቀመጪ» አሉ የኔታ።

«እኔ ነኝ ያመጣሁት!»

«ተቀመጪ አልኩሽ። አልበላሁም ብዬ መልክተኛ አልሰድም። ቀለሙን አቅርቢልኝ፤ ደርቆብኛል።»

አቀረብኩ። በንዴቴ ግማሹን አፈሰስኩት። በጨርቅ አደረቁትና መስመራቸውን ቀጠሉ።

በሳምንቱ ማክሰኞ፣ በዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሁለት ሰዎች ገቡ። አንደኛው ገበዙ ናቸው፤ ቀጭን፣ ፊታቸው የማይፈታ። ሁለተኛው የዚያው አገር ሽማግሌ፣ በትራቸውን ተደግፈው የሚያነክሱ። ሰላምታው አጭር ነበር። የተዘረጋላቸው አጎዛ ላይ ተቀመጡ፤ አክስቴ ያቀረበችውን ውኃ አልነኩም።

«የኔታ፣ ነገር ሰምተን ነው የመጣን» አሉ ገበዙ።

«ደኅና ሰማችሁ።»

«እኛ አላመንነውም። ሕዝቡ ግን አፍ አለው። ይማሉልንና እንሂድ።»

የኔታ ብዕራቸውን አስቀመጡ። «አልምልም።»

«ምን አለበት? አንዲት ቃል ናት።»

«ስድሳ ዓመት ሙሉ ሳልምል ኖሬ ለልፋጭ ብዬ አልጀምርም» አሉ። የኔታ ልፋጭ ሲሉ ምን ማለታቸው እንደሆነ ገበዙ አልገባቸውም። ወደ ሽማግሌው አዩ። ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ።

«እንግዲያው ቆዳችንን እንወስዳለን» አሉ ገበዙ። «የተጻፈውንም። ከገደፈ እጅ የወጣ መጽሐፍ ይዤ ሕዝቡ ፊት አልቆምም፤ ማን ይሳለመዋል?»

አምስት ጥራዝ ተጽፎ አልቋል፤ የቀረው አንድ ብቻ ነበር። የኔታ ተነሡና፣ በእጃቸው እየዳበሱ፣ ጥራዞቹን አንድ በአንድ ከመደቡ ያነሡ ጀመር። ጠርዛቸውን አስተካክለው ይደረድራሉ። የመጨረሻውን ከላይ አኖሩና እጃቸውን ከላዩ አላነሡም።

«አንቺ!» አለች አክስቴ። ድምፅዋ ቤቱን ሞላው። «ገሉን አምጪ!»

እውነቴን ነው፣ ከእሷ የምጠብቀው «ውጪልኝ» የሚል ነበር። ሮጥኩ። ገሉ ከጌሾው ሥር ተጥዶ ነበር፤ በቅጠል ይዤ፣ ጣቴ እየተቃጠለ፣ አምጥቼ ከሁለቱ ሰዎች መካከል ከወለሉ ላይ አስቀመጥኩት። እንፋሎቱ ወደ ገበዙ ጢም ወጣ።

«ይኸው የገደፍንበት ድስት» አልኩ። «ላጉርስዎት?»

ገበዙ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ወደ ኋላ አሉ። ሽማግሌው ግን ጎንበስ ብለው አዩ።

«ፀጉር አለበት!» አሉ። «የፍየል ፀጉር ይንሳፈፍበታል። ምንድን ነው ይሄ? ሙጫ ነው?»

ያን ጊዜ ድመቷ ከመደቡ ሥር ወጣች። መውለጃዋ ደርሶ መራመድ አቅቷታል፤ ሆዷ ወዲያና ወዲህ እያለ፣ ማንንም ሳታይ፣ በገበዙና በሽማግሌው መካከል አለፈች። ገሉን አሸተተች። ትኩስ ነበር። ቁጭ ብላ እስኪበርድ ጠበቀች። እኛም ሁላችን ጠበቅናት። እስካሁን ሳስታውሰው ይገርመኛል፤ አምስት ትልልቅ ሰዎች አንዲት ድመት ምሳዋ እስኪበርድላት ትንፋሻችንን ውጠን ስንጠብቅ። ከዚያ ጆሮዋን ወደ ኋላ አድርጋ፣ በደንቧ፣ ዙሪያውን እየዞረች መብላት ጀመረች።

«ይቺ ናት የገደፈችው?» አሉ ሽማግሌው። ሳቃቸው ወደ ሳል ተለወጠ፤ በትራቸው ከእጃቸው ወደቀ።

ገበዙ አልሳቁም። ወደ አክስቴ ዞሩ። «ከመቼ ጀምሮ?»

«ከገባች ጀምሮ። ድስቴን ከልክያታለሁ፤ ምድጃዬን ከልክያታለሁ። ይህቺ ልጅ በውጭ፣ በገል ነው የምትቀቅለው። ሰው በገል ይበላል? ጓዳዬ ይኸው፤ ግቡና ዕቃዬን አሽቱ!»

«በዚህ ዘመን ለድመት?»

«የጎረቤቴ ድመት ናት» አለች አክስቴ። «ሰዎቿ ዱር ናቸው። አንድ ቀን ሲመለሱ ቤታችን ደኅና ነው ወይ ይላሉ፤ አጥራችን ደኅና ነው ወይ ይላሉ። ድመታችንስ ቢሉኝ ምን ልመልስ ነው?»

ዞሬ አየኋት። እኔ ድመቷን ሳመጣት አሳዝናኝ ነው፤ ከዚያ ያለፈ አላሰብኩም። እሷ ለካ፣ እንዝርቷን ስትሰብቅብኝም፣ ድስቷን ስትከለክለኝም፣ የማን እንደሆነች አልረሳችም።

ገበዙ ወደ ድመቷ አዩ። ከዚያ ድምፃቸውን ቀነስ አድርገው፦ «የኔታ፣ ምነው ይህን አይነግሩንም?»

«ማል አላችሁኝ እንጂ መቼ ጠየቃችሁኝ?»

የኔታ ከደረደሩት ጥራዝ ገበዙ ላይኛውን አነሡና በሁለት እጃቸው ይዘው ተሳለሙት። መልሰው በየኔታ እጅ አኖሩት። ሁሉም ያለቀ መስሎኝ ነበር። ገበዙ ግን ጣታቸውን ወደ ገሉ ቀሰሩ።

«ልፋጩም የሕዝቡ ነው።»

«ምን?» አልኩ።

«ሕዝቡ ቆዳውን ሲሰጥ ልፋጩን አላስቀረም። የሕዝቡን ልፋጭ በልታ ከምትወልደው አንዱ የኛ ነው። ያቺ ጎጆ አይጥ ጨርሷታል፤ መጋረጃችንን እንኳ አልተወም። ከመጽሐፉ ጋር ይምጣልን።»

ሽማግሌው እንደገና ሳቃቸው ጀመራቸው። አሁንም ገበዙ አልሳቁም፤ የምራቸውን ነበር።

«ወንድ ነው ሴት የምትፈልጉ?» አሉ የኔታ።

«ሴት።»

ውኃውን ጠጥተው ሄዱ።

ከሆሳዕና በፊት ባለው ሐሙስ፣ ጠዋት ፀሐይ ሞቅ ሲል፣ ድመቷ የአክስቴን ባዘቶ ቅርጫት ክዳን ገልብጣ ገባችበት። ለፋሲካ ለኩታ የሚፈተል፣ በስንት ድካም የተዘጋጀ ጥጥ ነው። እኔ ላወጣት ስል አክስቴ እጄን ያዘችኝ። ከቅርጫቱ አጠገብ ቁጭ አለች። እኔ ምጥ አይቼ አላውቅም፤ የድመት ቀርቶ የሰውም። ድመቷ ድምፅ አላሰማችም። ትወጠራለች፣ ትልሳለች፣ ደግሞ ትወጠራለች። አራት ወለደች። አክስቴ ቆጠረቻቸውና ወደ እኔ ቀና አለች።

«ከእሷ ጋር አምስት። አላልኩሽም?»

እስከ ፋሲካ ጥጥ አልተፈተለም። የፋሲካ ዕለት አክስቴ የዶሮውን አንጀትና እግር ለብቻ ለይታ፣ በዚያው በከለከለችኝ ድስት፣ በዚያው በከለከለችኝ ምድጃ ቀቅላ ለድመቷ ሰጠቻት።  እኔም አንዳንዴ አፌን መያዝ እችላለሁ።

ከፋሲካ በኋላ መሣሪያ ፍለጋ እያሉ ቤት ሲበረብሩ አንድ አስካሪ እኛም ዘንድ ገባ። ጎታውን በሳንጃ ወጋ፣ አጎዛውን ገለበጠ፣ ከዚያ የቅርጫቱን ክዳን አነሣ። ድመቷ አልዘለለችበትም። ቀስ ብላ ከልጆቿ በላይ ተነሣችና፣ ፀጉሯ ቆሞ፣ ጥርሷን አሳየችው። እሱ አያት። ክዳኑን እንደነበረ፣ ረጋ አድርጎ መለሰና ወጣ። በእነዚያ ዓመታት መሣሪያ የያዘ ሰው ለሌላ ሲታዘዝ አይቼ ነበር፤ ለምን እንደታዘዘ የገባኝ ግን ያን ቀን ብቻ ነው፤ እናት ነበረች።

የመጨረሻው ቆዳ ሲወጠር አንድ ቦታ፣ ፍየሉ በሕይወቱ እሾህ ወግቶት የነበረበት ቦታ፣ ተከፈተ። የኔታ መስፊያውን ጅማት በመርፌው ቀዳዳ ለማስገባት ሞከሩ፣ ሞከሩ፤ ዓይናቸው እምቢ አለ። መርፌውን ወደ እኔ ዘረጉ። አልችልም ልል ነበር፤ ፊታቸውን አይቼ ተቀበልኩ። ሰፋሁት። ስጨርስ በጣታቸው ዳበሱት።

«ጠማማ ነው» አሉ።

«አዎ፣ የኔታ።»

«ይይዛል።»

ፊደላቸውን ከስፌቱ ወዲህና ወዲያ ከፍለው ጻፉበት። ግንቦት ሊያልቅ ሲል መጽሐፉ ተጠረዘ፤ በእንጨት ገበታው መካከል ሆኖ ማኅደሩ ውስጥ፣ ማንገቻ ባለው የቆዳ ከረጢት ውስጥ፣ ገባ። ያን ጊዜ የኔታ ከጥላ በቀር አያዩም። ጠላት ከከተማው መውጫ ያቆመው ኬላ ደግሞ ወንዶችን ይለፍ ወረቀት እየጠየቀ ያንገላታል፤ ገበዙ መምጣት አልቻሉም። የገበያ ቀን ሴት ቅርጫት ይዛ ብትወጣ ብዙም አይጠይቋትም። ስለዚህ ማን ይውሰደው የሚለው ነገር ረጅም ምክር አልጠየቀም።

ከአራቱ አንዷን ሴት መረጥን፤ እናቷን የመሰለች ዳልቻ፣ ከወንድሞቿ ቀድማ አይጥ የያዘች። በትንሽ ቅርጫት አስገብቼ በጨርቅ ሸፈንኳት። አክስቴ ቆሎ በመሐረብ ቋጥራ ሰጠችኝ።

«ኬላ ላይ ቢናገሩሽ አትመልሺ።»

«እሺ።»

«እሺ አትበይኝ፣ አውቅሻለሁ። አፍሽን ያዢ። ለአንቺ ብዬ አይደለም፤ ለመጽሐፉ ነው።»

የኔታ ማኅደሩን በእጃቸው ዳብሰው፣ ማንገቻውን ሳብ አድርገው ጥንካሬውን ሞከሩ። ከዚያ ጣታቸውን ወደ ቅርጫቱ ሰደዱ፤ ግልገሏ ነከሰቻቸው።

«ደኅና ናት» አሉ። «ሂጂ።»

መጽሐፉን በጀርባዬ አነገትኩ፣ ቅርጫቱን በክንዴ አንጠለጠልኩ። ድመቷ እስከ አጥሩ ተከትላኝ መጣችና፣ ከበሩ መካከል ቁጭ ብላ መዳፏን ትልስ ጀመር። ተሻግሬያት ወጣሁ።